ባለቤት ያጡ በቀቀኖችን ማገዝ ለምትፈልጉ፦ በመጥረጊያው እንጀምር

ብዙ ሰው በቀቀን በሚጠለልበት ቦታ በጎ ፈቃደኛ ልሁን ሲል፣ ወፉ ትከሻው ላይ ተቀምጦ ሲያወራው ነው የሚታየው። እሱም አንዳንዴ ይሆናል። አብዛኛው ሥራ ግን ኩስ መጥረግ፣ ካሮት መክተፍና ሳህን ማጠብ ነው። ላስፈራራችሁ ብዬ አይደለም። ሥራውን አውቆ የመጣ ይቆያል፣ ለፎቶ የመጣ በሁለተኛው ቅዳሜ ይጠፋል። እዚያ ያሉት ወፎች ደግሞ አንዴ ሰው ጠፍቶባቸው የመጡ ናቸው። ስለዚህ ከምንም በላይ የሚፈለገው በቀጠሮው ቀን፣ በቀጠሮው ሰዓት የሚመጣ ሰው ነው። ሌላውን ሁሉ ሲሠሩ ይለመዳል።

ለምን ባለቤት ያጣሉ? መሃል አዲስ አበባ ለምትኖሩ ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። ግቢ ያለው ቤት ፈርሶ ቤተሰቡ ኮንዶሚኒየም ይገባል፣ ጎረቤት ደግሞ ገና ሳይነጋ የሚጀምረውን ጩኸት አይችልም። አንዷ ውጭ አገር የመሄድ ዕድል ታገኛለች። የድርጅት ሠራተኛው ውሉ ያልቅና ወፉን ለዘበኛው ትቶ ይሄዳል። ባለቤቱ ያርፋሉ፣ ልጆቹ ወፉን ማን ይውሰደው ተባብለው ይተያያሉ። ግራጫው የአፍሪካ በቀቀን በደንብ ከተያዘ 40 እና 50 ዓመት፣ አንዳንዴም 60 ይኖራል። ጉትዬ ያለው ትንሹ በቀቀን ኮካቲል ከ15 እስከ 20፣ ጅራተ አጭሩ ትንሽ በቀቀን ላቭ በርድ ከ10 እስከ 15 ዓመት። ምን አለፋችሁ፣ የወፉ ዕድሜ ከኪራይ ውሉም፣ ከትዳሩም፣ አንዳንዴ ከባለቤቱም ይበልጣል።

1. ቦታውን መርምሩ

እንግሊዝ ወይም አሜሪካ እንዳሉት በመቶ የሚቆጠሩ በቀቀኖች የያዘ ትልቅ ተቋም አትጠብቁ። እኔ የማግዝበት ቦታ ከአራት ኪሎ ወረድ ብሎ ያለ የግለሰብ ግቢ ነው። ሁለት የሰርቪስ ክፍል፣ አንድ ትልቅ የሽቦ ቤት፣ በቃ። ትንሽ መሆኑ ችግር የለውም። ችግሩ ሌላ ነው፣ እሱን ለማወቅ እነዚህን ጠይቁ።

ወፍ ትሸጣላችሁ? ካሉ ሱቅ ነው፣ ውጡ። ታራባላችሁ? የሚጣሉት ሳያንሱ ጫጩት የሚፈለፍል ሰው መጠለያ ነኝ ቢል አትመኑት። አዲስ ወፍ ሲመጣ የት ታስቀምጡታላችሁ? ትክክለኛው መልስ «ለብቻው ክፍል፣ ቢያንስ ከ30 እስከ 45 ቀን» ነው። ጤነኛ የሚመስል ወፍ ሌሎቹን ሁሉ የሚጨርስ በሽታ ይዞ ሊገባ ይችላል። የምትደውሉለት የእንስሳት ሐኪም አለ? ለእያንዳንዱ ወፍ ደብተር አለ? እነዚህን ስትጠይቁ የሚቆጣ ሰው ካጋጠማችሁ መልሱን አግኝታችኋል።

አንድ ነገር በደንብ ለዩ። አገራችን የራሷ በቀቀኖች አሏት። ጥቁር ክንፉ ላቭ በርድ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጪ በተፈጥሮ አይገኝም። አዲስ አበባ ውስጥ የቤተ ክርስቲያን ቅጥርና ዛፍ የበዛበት ግቢ ላይ ቀና ብትሉ ታዩታላችሁ፣ ወንዱ ግንባሩ ቀይ ነው። ቢጫ ግንባሩ በቀቀን ደግሞ ጭራሽ ከኢትዮጵያ ውጪ የለም። እነዚህ የዱር ወፎች ናቸው። ያለ ፈቃድ ይዞ ማኖር በሕግ ያስጠይቃል። እንዲህ ዓይነት ወፍ ይዞ የመጣ ሰው ካለ ነገሩ የሚመለከተው የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንን ነው። «እኛው እናሳድገው» አይባልም፣ ለዓመታት በሽቦ ቤት የኖረን ወፍ ዝም ብሎ መልቀቅም ነፃነት መስጠት አይደለም። ምግብ መፈለግ አያውቅም፣ ጭልፊት አያውቅም።

ግራጫው በቀቀን ደግሞ የእኛ አገር ወፍ አይደለም። አገሩ ከምዕራብ አፍሪካ እስከ ምዕራብ ኬንያ ያለው ጫካ ነው። ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሳይተስ በሚባለው የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ዓለም አቀፍ ስምምነት ከዱር የተያዘ ግራጫ በቀቀን ለንግድ ድንበር ማሻገር ተከልክሏል፣ ኢትዮጵያም የስምምነቱ አባል ናት። መጠለያው ወፉ ከየት እንደመጣ መመዝገብ ያለበት ለዚህም ጭምር ነው።

2. የምትችሉትን ብቻ ቃል ግቡ

በሳምንት ሦስት ቀን እመጣለሁ ብሎ በወሩ ከሚጠፋ፣ በየሁለት ሳምንቱ እሑድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሰጥቶ ዓመቱን ሙሉ የሚመጣ ይሻላል። በቀቀን ሰው ይለያል፣ ቀን ይለምዳል። ትራፊኩንም አስቡት። ከመገናኛ ወይም ከሜክሲኮ ተነስታችሁ ከሥራ በኋላ ባለው ሰልፍ ታክሲ ጠብቃችሁ ስትደርሱ ወፎቹ ሊተኙ ነው። በቀን ከ10 እስከ 12 ሰዓት ጨለማና ጸጥታ ያስፈልጋቸዋል። ጠዋት ምረጡ።

የበዓል ቀን መምጣት የምትችሉ ከሆነ ወርቅ ናችሁ። ፋሲካና እንቁጣጣሽ ሁሉም ሰው ቤተሰቡ ጋ ይሄዳል፣ ወፉ ግን ያን ቀንም ይበላል።

3. ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት

የተዘጋ ጫማ፣ ቢበላሽ የማያሳዝናችሁ ልብስ፣ ማስክ። ጉትቻና ሐብል አውልቁ፣ ለበቀቀን ያብረቀረቀ ነገር ሁሉ የሚፈታ ብሎን ነው። ሽቶ አትቀቡ።

ዋናው ግን ይሄ ነው፦ ከዶሮ ተራ ቀጥታ እንዳትመጡ። በዓል ሲደርስ ሾላ ሄዶ ዶሮ ገዝቶ፣ በዚያው ጫማ ወደ ወፎቹ ጎራ የሚል ሰው ብዙ ነው። የዶሮ ፈንግል በቀቀንንም ይይዛል። ቫይረሱ በጫማ፣ በልብስ፣ በእጅ ይጓዛል። ቤታችሁ ዶሮ የምታረቡ ከሆነም ገላችሁን ታጥባችሁ፣ ልብስና ጫማ ቀይራችሁ ኑ። ደግ መጠለያ በር ላይ የራሱን ነጠላ ጫማ ያቀርብላችኋል።

4. መጥረጊያው

ደረቅ ኩስ በደረቁ አይጠረግም። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይሄን ያዙ። በቀቀኖች ክላሚዲያ ሲታሲ የሚባል ባክቴሪያ ሊይዙ ይችላሉ። ኩሱ ደርቆ ሲቦን ሰው በትንፋሹ ይስበዋል፣ ትኩሳት፣ ከባድ ራስ ምታትና ደረቅ ሳል ይመጣል፣ ብሎም ሳንባ ምች። በመድኃኒት ይድናል፣ ግን ሐኪሙ ካልጠረጠረ አያገኘውም። እኛ ደግሞ ትኩሳት ሲይዘን ታይፎይድ ነው ብለን ነው የምንጀምረው። ስለዚህ ወፎች ጋ መሥራት ከጀመራችሁ በኋላ ካመማችሁ «ከወፍ ጋር እሠራለሁ» በሉ። ነፍሰ ጡር የሆነችና የሰውነት መከላከያው የደከመ ሰው ጽዳቱን ለሌላ ይተው፣ ከሒሳብ እስከ ስልክ ሌላ ሥራ ሞልቷል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ማስክ አድርጉ። መጀመሪያ ወለሉንና ትሪውን ውሃ ርጩበት። የተነጠፈውን ጋዜጣ ወደ ውስጥ ጠቅልላችሁ አንሱ። ግን ከመጠቅለላችሁ በፊት እዩት፦ ኩሱ ትናንት ከነበረው ተለይቷል? ውሃ ሆኗል? ደም አለው? ጋዜጣ የሚነጠፈው ለዚህ ነው፣ ሰጋቱራ ላይ ይህን አታዩም። ከዚያ በላርጎ እጠቡ። በረኪና የሚመጣው ቆሻሻው ሙልጭ ብሎ ከወጣ በኋላ ነው፣ ቆሻሻ ላይ የፈሰሰ በረኪና ሥራ አይሠራም። 1 እጅ በረኪና ለ30 እጅ ውሃ ይበቃል። ወፉ ከክፍሉ ይውጣ፣ መስኮት ይከፈት፣ በረኪናውን ከሌላ ማጽጃ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ። ጥቂት አቆይታችሁ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁ፣ አድርቁ፣ ከዚያ ወፉ ይመለስ።

የምግብና የውሃ ሳህን በየቀኑ ይታጠባል። በቀቀን ምግቡን ውሃው ውስጥ እየነከረ መብላት ይወዳል፣ ከሰዓት ላይ ያ ውሃ ሾርባ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ለብቻ የተቀመጡ አዳዲስ ወፎች ካሉ የእነሱ ክፍል መጨረሻ ነው የሚጸዳው፣ መጥረጊያውም ጨርቁም የራሳቸው ነው።

5. ጭስ፣ ቡና እና ኅዳር ሲታጠን

ይህ የእኛ አገር ትልቁ ፈተና ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልናገር። የወፍ ሳንባ እንደ እኛ አይደለም። ከሳንባው ጋር የተያያዙ የአየር ከረጢቶች ስላሉት ሲያስገባም ሲያስወጣም ትኩስ አየር በሳንባው ያልፋል። ለመብረር ድንቅ ነገር ነው፣ ግን አየር ውስጥ ያለውን መርዝም በዚያው ልክ ይስባል።

እንግዲህ አስቡት። ከሰል ይቀጣጠላል፣ ቡና ይቆላል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ ሳሎን በጭስ ይሞላል፣ ወፉ ጥግ ላይ ተሰቅሏል። ለእኛ ደስ የሚል ሽታ ነው። ለእሱ የመተንፈሻ ችግር ነው፣ የከሰሉ ጋዝ ደግሞ ሊገድለው ይችላል። ቡናው ይፈላ፣ ማንም አይከለክላችሁም። ግን ወፎቹ ከሌሉበት ክፍል፣ ከተቻለ በረንዳ ላይ። ሰንደል፣ የወባ ትንኝ ማባረሪያ ጥቅል፣ የበረሮ ፍሊት፣ ሲጋራም እንዲሁ።

ከጭሱ ሁሉ ተንኮለኛው የማይታየው ነው። የማያጣብቅ ቴፍሎን ምጣድና መጥበሻ ከመጠን በላይ ሲግል ሽታው ብዙም የማይታወቅ ጋዝ ይለቃል፣ በደቂቃዎች ውስጥ ክፍል ሙሉ ወፍ ሊጨርስ ይችላል። መጠለያው ውስጥ ምግብ የሚበስል ከሆነ ድስቱ ብረት ወይም ሸክላ ይሁን። ይህን በጎ ፈቃደኛ ሆናችሁ ስትገቡ በትሕትና ጠይቁ፣ ብዙ ሰው አያውቀውም።

ከዚያ ቀኖቹ አሉ። መስከረም 16 አመሻሽ ከመስቀል አደባባዩ ሌላ በየሰፈሩ ደመራ ይለኮሳል። ኅዳር 12 ደግሞ ኅዳር ሲታጠን ነው። በ1911 ዓ.ም. ከተማዋን ከፈጀው የኅዳር በሽታ ወዲህ በየዓመቱ በየደጁ ቆሻሻ ይቃጠላል፣ ፕላስቲኩም ጎማውም አብሮ። ያን ቀን መጠለያው ሰው ያስፈልገዋል። ከዋዜማው ወፎቹን ከውጭው የሽቦ ቤት ወደ ክፍል አስገቡ፣ መስኮቱን ዝጉ፣ ከበሩ ሥር እርጥብ ፎጣ ጎዝጉዙ፣ ጭሱ ከሰፈሩ እስኪጠራ ጠብቁ። ለጎረቤትም አስቀድማችሁ ንገሩ። «እማማ፣ ወፎቹ ይታፈናሉ፣ እሳቱን ትንሽ ከአጥሩ ራቅ ያደርጉልናል?» ሲባሉ እምቢ የሚሉ እናት ብዙም አላየሁም።

በዘመን መለወጫ ዋዜማ ደግሞ ርችት አለ። በተለይ ኮካቲል ሌሊት ደንግጦ በጨለማ ከሽቦው ጋር እየተላተመ ክንፉን ይሰብራል። ደብዘዝ ያለ መብራት አብርታችሁ ተዉለት። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ባትሪ ይዘጋጅ።

6. ምግብ

እዚህ የሚመጣ ወፍ አብዛኛው የፈረንጅ ሱፍ ብቻ ሲበላ የኖረ ነው። ሱፍ ስብ ይበዛዋል፣ ቫይታሚን ኤና ካልሲየም ግን የለውም ማለት ይቻላል። ጉበቱ ይሰባል፣ ላባው ይደበዝዛል፣ ግራጫው በቀቀን ካልሲየም ሲያንሰው እስከ መንዘፍዘፍ ይደርሳል።

ጠዋት የሚከተፈው ካሮት፣ ዱባ፣ ስኳር ድንች (የተቀቀለ)፣ ጎመንና ቃሪያ ነው። ጎመኑን አጥባችሁ ሳታደርቁት ስጡ፣ ላቭ በርድ በእርጥብ ቅጠል ላይ ገላውን ሲታጠብ ማየት ራሱ መዝናኛ ነው። ሽምብራ፣ ባቄላና ቦሎቄ በደንብ ተቀቅለው፣ ጥሬ ደረቅ ቦሎቄ ግን መርዝነት አለው። ማሽላና ዳጉሳ በጥቂቱ። ፓፓያ፣ ማንጎ፣ ፖም ያለ ፍሬው። ወፍ የበርበሬ ማቃጠል አይሰማውም፣ እኛን እንባ የሚያስመጣ ቀይ ሚጥሚጣ በእግሩ ይዞ፣ ፍሬዎቹን አንድ በአንድ እየለቀመ እንደ ከረሜላ ይበላዋል። ይሄ ማለት ግን ድልህ ስጡት ማለት አይደለም፣ ጨውና ነጭ ሽንኩርት አለበት።

የተከለከለውን ግድግዳ ላይ ለጥፉ። አቮካዶ አንደኛ ነው፣ ልብን ይጎዳል፣ ትንሹም ሊገድል ይችላል። ስፕሪስ ጠጥታችሁ ብርጭቆውን አጠገባቸው እንዳትተዉ፣ አቮካዶ በላጣችሁበት እጅም ምግባቸውን እንዳትነኩ። ቡና፣ ሻይ፣ ቸኮሌት፣ አልኮል፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ጨው። ወጥ የነካው እንጀራም እዚህ ውስጥ ነው። «እኛ ቤት ለሃያ ዓመት ዶሮ ወጥ በልቷል» የሚል ሰው አይጠፋም። ይበል።

ክረምት ላይ እህሉን ተጠንቀቁ። ሐምሌና ነሐሴ እርጥበቱ ሻጋታ ያመጣል፣ የሻገተ ኦቾሎኒ ውስጥ ያለው መርዝ ጉበት ይገድላል። ከእህል በረንዳ በርካሽ ሙሉ ኩንታል ገዝቶ ማምጣት ደግነት ይመስላል፣ ግን ትንሽ ትንሽ፣ ደረቅ፣ ክዳን ባለው ዕቃ ይሻላል። አሽትቱት። ምድር ምድር ከሸተተ ጣሉት።

ሰዓት ጠብቃችሁ አንሱም። የተከተፈ አትክልት ከሁለትና ሦስት ሰዓት በላይ አይቆይም።

7. ወፉ ጋ መቅረብ

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አትንኩ። አጠገቡ ተቀመጡና ስልካችሁን አስቀምጣችሁ ቀስ ብላችሁ አውሩት። ስለ ኑሮ ውድነት ብታወሩትም ግድ የለውም፣ ድምፁን ነው የሚለምደው። ከዚያ በሽቦው በኩል አንድ የሚወደውን ነገር ስጡትና ዞር በሉ። መጥቶ መውሰድና አለመውሰድ የእሱ ምርጫ ይሁን።

ምልክቱን አንብቡ። የዓይኑ ብሌን ቶሎ ቶሎ ይጠባል ይሰፋል፣ ጅራቱ እንደ ማራገቢያ ይከፈታል፣ የአንገቱ ላባ ይቆማል፦ እጃችሁን ሰብስቡ። አንድ እግሩን አጥፎ፣ ላባውን ለስለስ አድርጎ፣ ምንቃሩን እያፋጨ ከሆነ ደልቶታል። ከነከሳችሁ አትጩኹ። ጩኸት ለበቀቀን ትያትር ነው፣ ደግሞ ያሠራችኋል። ዝም ብላችሁ አስቀምጡት፣ ቁስሉን በሳሙና ታጠቡ። ትከሻ ላይ ማውጣት ለኋላ ነው፣ ዓይን እዚያው አጠገብ አለ።

ላባውን ነቅሎ ደረቱ የተራቆተ ወፍ ታያላችሁ። ሐኪም መጀመሪያ በሽታ እንዳይኖር ያጣራል። በሽታ ከሌለ ብዙውን ጊዜ መሰላቸትና ብቸኝነት ነው። አሜሪካ ውስጥ ፕሮፌሰር አይሪን ፔፐርበርግ ለ30 ዓመት ያጠናችው አሌክስ የተባለ ግራጫ በቀቀን ቀለም፣ ቅርጽና ቁጥር ለይቶ በቃል ይመልስ ነበር። እንዲህ ያለ ጭንቅላት ባዶ የሽቦ ቤት ውስጥ ዓመታት ሲቀመጥ ምን ይሆናል? ስለዚህ ሥራ ስጡት። ምግቡን ካርቶን ውስጥ ደብቁ፣ በወረቀት ጠቅልሉ፣ የበቆሎ ቆረቆንዳ ላይ ሰኩ። መርካቶ ምናለሽ ተራ ለዚህ ገነት ነው፦ ካርቶን፣ ቁርጥራጭ እንጨት፣ ሰንሰለት። ቀለም የተቀባ እንጨትና የተበጣጠሰ የጆንያ ክር ግን አታምጡ፣ ክሩ ጣቱ ላይ ተጠምጥሞ ደም ያቆማል። ለማረፊያ መድኃኒት ያልተረጨ የዘይቱን ወይም የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ጥሩ ነው፣ ወፈርም ቀጠንም ያለ ቦታ ስላለው እግሩ አይቆስልም። የአቮካዶ ዛፍ ቅርንጫፍ ግን አይሆንም።

አፋችሁንም ጠብቁ። እንግሊዝ አገር ሊንከንሻየር የሚገኝ አንድ ፓርክ በ2020 እ.ኤ.አ. አምስት ግራጫ በቀቀኖች ጎብኚ ሲሳደቡ፣ ሰው ሲስቅ ጭራሽ እየባሰባቸው ሄዶ ከሕዝብ ዓይን ሊያርቃቸው ተገዷል። እኛ ጋ ያለችው ግራጫ እስካሁን ጨዋ ናት። በሩ በተንኳኳ ቁጥር በአሮጊት ድምፅ «ማነው? ማነው እሱ?» ትላለች፣ ከዚያ «ፒያሳ ፒያሳ!» ብላ እንደ ወያላ ትጮኻለች። አዲስ በጎ ፈቃደኛ ሁሉ ለድምፁ መልስ ሰጥቶ ነው የሚገባው።

8. ሚዛንና ደብተር

ወፍ በሽታውን ይደብቃል። ዱር ውስጥ የታመመ መምሰል መበላት ነውና። ላባውን ነፍቶ፣ ጅራቱ በትንፋሹ ልክ ከፍ ዝቅ እያለ፣ የሽቦ ቤቱ ወለል ላይ ከተቀመጠ ሕመሙ ቆይቷል ማለት ነው። በዓይን ከምታዩት ቀድሞ የሚናገረው ሚዛን ነው። በግራም የሚለካ የወጥ ቤት ሚዛን ላይ ማረፊያ እንጨት ይገጠማል፣ ጠዋት ከመብላቱ በፊት ይወጣል፣ ቁጥሩ ይጻፋል። 450 ግራም የነበረ ግራጫ 405 ከደረሰ ከክብደቱ አንድ አሥረኛው ሄዷል፣ የዚያኑ ቀን ሐኪም ይጠራል። 50 ግራም ለሆነ ላቭ በርድ 5 ግራም ብቻ ነው፣ በዓይን አታዩትም።

ሐኪሙ እስኪደርስ ወፉ ይሙቀው። ሌሊት ከሆነና መብራት ከሌለ ሙቅ ውሃ በሃይላንድ ሞልታችሁ፣ በጨርቅ ጠቅልላችሁ አጠገቡ አድርጉ፣ ሲሞቀው ሸሽቶ የሚርቅበት ቦታም ተዉለት። በምንቃሩ ውሃ በግድ አታፍስሱ።

9. መምጣት ለማትችሉ

ገንዘብ ከሆነ በየወሩ ትንሽ መስጠት አንዴ ብዙ ሰጥቶ ከመጥፋት ይሻላል፣ መጠለያው አስቦ ይገዛልና። ጓደኛሞች ተሰብስባችሁ በየወሩ በቴሌብር አዋጥታችሁ የአንድ ወፍ ቀለብ መቻል ትችላላችሁ። ደረሰኝ ወይም የወጪ ዝርዝር ጠይቁ፣ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ዕቃ ከሆነ ከመግዛታችሁ በፊት ደውሉ። ሁሌ የሚጎድለው ጋዜጣ፣ ላርጎ፣ በረኪና፣ ፎጣ፣ የግራም ሚዛን ነው። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ለበቀቀን የተዘጋጀ ፔሌት ምግብ ሻንጣው ውስጥ ይጨምርላችሁ።

ሙያ ያላችሁ ደግሞ እጃችሁ ይፈለጋል። በተለይ ብየዳ። ግን አንድ ነገር አለ፦ የጋልቫናይዝድ ሽቦ ዚንክ በቀቀንን ይመርዛል፣ ሽቦውን በምንቃሩ ሲፋጭ ይውጠዋል። አይዝጌ ብረት ከተገኘ ጥሩ፣ ካልተገኘ አዲሱን ሽቦ በአቼቶና በብሩሽ ፈትጋችሁ፣ አጥባችሁ፣ አየር አስመትታችሁ ተጠቀሙ። አደጋውን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። እርሳስ ያለበት ቀለም ወይም ብየዳ አይነካካው። የሽቦው ክፍተት ለላቭ በርድ ከ1.3 ሳንቲሜትር አይብለጥ፣ ጭንቅላቱን አስገብቶ ይታነቃል።

ቪዲዮ የምትሠሩ ልጆች፣ አንድ ልመና። ወፉ «ሰላም ነው?» ሲል ቀርጻችሁ ቲክቶክ ላይ ስትለቁት አስተያየቱ ሁሉ «የት ነው የሚሸጠው?» ነው። ኩሱንም፣ ጩኸቱንም፣ የተነጨውን ደረትም አብራችሁ አሳዩ። የግቢውን አጥርና በር ግን አታሳዩ፣ ወፍ ይሰረቃል።

10. ወፉን ሊሰጥ የመጣ ሰው ሲያጋጥማችሁ

አትቆጡት። መንገድ ላይ ከመልቀቅ ይዞ መምጣቱ ትልቅ ነገር ነው፣ ከተሰደበ ደግሞ ቀጣዩ ሰው አይመጣም። ሻይ ስጡትና ጻፉ፦ ስሙ ማን ነው፣ ስንት ዓመቱ ነው፣ ምን ይበላል፣ ምን ይፈራል (ኮፍያ? መጥረጊያ? ወንድ?)፣ ስንት ሰዓት ይተኛል፣ ምን ሲሉት ይመልሳል። የለመደውን ሳህንና ማረፊያ እንጨት አብሮ እንዲያመጣ ለምኑት። ስሙን አትቀይሩ።

አንዳንዱ ደግሞ መስጠት አይፈልግም፣ ምርር ብሎት ነው። ወፉ ሌሊት ይጮኻል ካለ አምሽቶ ከሚበራው ቴሌቪዥን ራቅ ብሎ፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ እንዲተኛ አድርጉ በሉት። በሳምንት ውስጥ ነገሩ ተስተካክሎ ወፉ ቤቱ የቀረበት ጊዜ አለ። ከዚህ የተሻለ እገዛ አላውቅም።

እናንተም አንዱን ወድዳችሁ ቤት ልውሰደው ማለታችሁ አይቀርም። ስድስት ወር ጠብቁ። አከራያችሁን ጠይቁ። ከእናንተ በኋላ ማን እንደሚይዘው ስም ጻፉ። ቡና የሚፈላው የት እንደሆነም አስቡ።

11. ማቆም ካለባችሁ

ሥራ ይቀየራል፣ ልጅ ይወለዳል፣ ሰው ይደክመዋል። ዝም ብላችሁ አትጥፉ። ከወር በፊት ተናገሩ፣ በእናንተ ምትክ የሚመጣውን ሰው ሁለትና ሦስት ጊዜ አብራችሁ ይዛችሁት ግቡ፣ ወፎቹ እናንተን እያዩ እሱን ይልመዱት። ደብተሩ ላይ የምታውቁትን ጻፉለት፦ ማን ካሮት እንደሚደፋ፣ ማን ጀርባውን ሲያዞሩለት እንደሚነክስ። የግቢውን ቁልፍም መልሱ።